አመድማ ክር

ይህ የሆነው መንገደኛ ሁሉ ባለፈበት፣ ነገር ግን ስሙን ልብ ብሎ የጠየቀ ሰው ባልተገኘበት አገር ነው። አገሩ ሐይቅ ዳር ነው። ከሐይቁ የሚነሳው ጉም እንደ ሌላው አገር ጉም ፀሐይ ሲሞቅ የሚበተን አይደለም፤ እየተሳበ ወደ ከተማ ይወጣና በየቤቱ ደፍ ላይ ይተኛል። ቀኑን ሙሉ እዚያው እንደ ለማዳ ድመት ተጋድሞ ይውላል። እንግዳ ሲገባ ረግጦት ይገባል፣ ሲወጣም ረግጦት ይወጣል። ታዲያ እንግዳው ደፉን ተሻግሮ ከሄደ በኋላ ባለቤቱ ከማን ጋር ሲጨዋወት እንደቆየ፣ ምን እንደሸጠ፣ በምን እንደሳቀ አንዲትም ነገር አያስታውስም። ተንኮል አይደለም፤ የጉሙ ጠባይ ነው።

ጉሙ በአንድ ጣራ ሥር የሚያድሩትን አይነካም። ባል ሚስቱን፣ እናት ልጇን አትረሳም። የሚያረሳሳው ለእንግዳ የተከፈተውን ደጅ ነው። የዚያ አገር ሰው ኑሮው ደግሞ በደጅ ነው። ጨው የሚሸጥበት ቤት አለ፤ ማር የሚቀመስበት፣ ጨርቅ የሚመረጥበት፣ ወሬ የሚነገርበት፣ ዘፈን የሚደመጥበት ቤት አለ። ዝም ብሎ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን የሚያዩበትም ቤት አለ።

በድሮ ጊዜ ይህ መርሳት ሰውን በጣም ያንገላታው ነበር ይባላል። አንዱ ጨው መርጦ በቅርጫት ሞልቶ፣ አህያውን ሊያመጣ ብቅ ብሎ ሲመለስ፣ ባለቤቱ ቅርጫቱ የማን እንደሆነ ጠፍቶበት ገልብጦት ይቆየዋል። ዘፈን ቤት የሄደውም ለመተንፈስ ወጣ ካለ ዘፋኙ እንደገና ከመጀመሪያው ስንኝ ይነሳበታል። በዚህ የተማረሩ ሰዎች መክረው የክርን ሥርዓት አወጡ። እንግዳ ሲመጣ ቤቱ በቀሚሱ ወይም በጋቢው ዘርፍ ላይ ቀጭን ክር ያስርለታል፤ በክሩ ላይ በቋጠሮ የሚነበብ ነገር ይተዋል። ቤቱ እንግዳውን ቢረሳም እንግዳው ክሩን ይዞ ይመለሳል። ባለቤቱ ክሩን በጣቱ ዳሰስ አድርጎ፣ «አዎን፣ አንተ ነህ፤ ቅርጫትህ እዚያ ጥግ ነው» ይለዋል። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ቀለም ነበረው፤ አንዱ የሌላውን ክር ማንበብ አይችልም። ይህ መልካም ሥርዓት ነበር፤ እስከ ዛሬም ክፉ ነው የሚለው የለም።

በዚህ አገር የውብዳር የምትባል ሴት ነበረች። መረብ ትሠራለች። ባሏ ጓንጉል ታንኳ ቀዛፊ ነው፤ ቃሉ ቁጥብ፣ ፊቱ ክፍት የሆነ ሰው። የውብዳር መረቧን አጣጥፋ ካስቀመጠች በኋላ ደጅ ለደጅ መዞር ትወዳለች። በዘርፏ ላይ የተንጠለጠለው ባለቀለም ክር ከመብዛቱ የተነሳ ነፋስ ሲነሳ ስትራመድ ላባዋን የዘረጋች ወፍ ትመስላለች። ማር ቤቱ ነጩን ማር እንደምትወድ ከክሯ አንብቦ ገና ሳትቀመጥ ያቀርብላታል። ዘፋኙ ሰማያዊውን ክር አይቶ ትናንት ካቆመበት ስንኝ ይቀጥልላታል። በየሄደችበት መታወቅ ደስ ይላት ነበር።

የታዛ ሰዎች መቼ እንደመጡ በትክክል የሚናገር የለም። ቤት አልሠሩም፣ ደጅም አልከፈቱም። የየቤቱን ባለቤት የለመኑት፣ ከጣራው ክፈፍ ሥር እንዲቀመጡ ብቻ ነበር። ለዚህም ውለታ ጣራውን ይከድኑለታል፣ ግቢውን ይጠርጉለታል፣ መብራቱን ይለኩሱለታል። ባለቤቶቹ በነፃ የተገኘ አገልግሎት ነውና ደስ አላቸው። የታዛ ሰዎች ድምፃቸው አይሰማም፤ እንግዳ ሲያልፍ ብቻ እጃቸው ቶሎ ይልና ከቤቱ ክር አጠገብ አንድ አመድማ ክር ያስራሉ። ክሩ ከመቅጠኑም ከመደብዘዙም የተነሳ ዓይን አይይዘውም። በየቤቱ ታዛ ሥር የተቀመጡት እነሱው ናቸውና፣ ጨው ቤት የታሰረችው አመድማ ክር ማር ቤት ትነበባለች፤ ማር ቤት የታሰረችው ጨርቅ ቤት ትነበባለች። ያነበቡትንም ለባለቤቱ በጆሮው ሹክ ይሉታል። ባለቤቱም እንግዳውን ከራሱ ያወቀው ይመስለዋል።

የውብዳርና ጓንጉል ከተጋቡ ዓመታት አልፈዋል፤ ልጅ ግን አልመጣም። ሲቆይ፣ ሐይቁ በዝናብ በተሞላበት ወራት፣ የውብዳር መፀነሷን አወቀች። ፅንሱ እስኪጠና ለማንም እንዳይናገሩ ከባሏ ጋር ተማከሩ። እሷ ግን ደስታው ሆዷን ስለሞላው ዝም ብላ መቀመጥ አቃታት። ለማየት ብቻ ብላ እትዬ ድንቄ ዘንድ ሄደች። እትዬ ድንቄ ቆዳ አልፍታ አንቀልባ የምትሰፋ አሮጊት ናት። የውብዳር አንዱን አንቀልባ አንስታ ዳሰሰችው፣ አሸተተችው፤ መልሳ ማስቀመጥም አልቻለችም። ዳር ዳሩን ዛጎል የተሰፋበት እንዲሠራላት አዘዘች። እትዬ ድንቄ ቀይ ክር አሰረችላትና በላዩ ላይ የገብስ ፍሬ የምታህል ቋጠሮ አደረገችበት። የውብዳር ስትወጣ ከታዛው ሥር አንድ እጅ ዘርፏን ነካ አድርጎ ተመለሰ። ልብ አላለችውም።

ከዚያ በኋላ ደጆች ሁሉ ያቆላምጧት ጀመር። ማር ቤቱ ነጩን ማር ትቶ ለነፍሰ ጡር ይስማማል ያለውን አቀረበላት። ጨርቅ ቤቱ ስስ መታቀፊያ እየዘረጋ አሳያት። ዘፋኙ የጀመረውን ዘፈን አቋርጦ እሹሩሩ አዜመላት። ከየት ሰሙ ብላ ተገረመች፤ ጓንጉል አፉ አምልጦት ይሆናል ብላም በልቧ ሳቀች። አልተቀየመችም። ደስ ሲል ሰው ብዙ አይመረምርም።

ልጁ ግን ወራቱን ሳይጨርስ መጣ። ሳያለቅስ መጣ፣ ሳያለቅስም ሄደ። ጓንጉል በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ታንኳው ላይ አስተኝቶ፣ ከሐይቁ ማዶ ካለው ኮረብታ ወስዶ ቀበረው። ሲመለስ ቦታውን አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችውም። መቅዘፊያውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ እጁን ታጠበ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት ውስጥ የልጁ ነገር አልተነሳም።

ሐዘኗ ትንሽ ቀለል ሲልላት የውብዳር ወጣች። የመጀመሪያው ደጅ ጨርቅ ቤቱ ነበር። ባለቤቱ እየሳቀ ተቀብሎ መታቀፊያውን ዘረጋላት። «ልጁ የለም» አለችው። ሰውየው ደግ ነበርና ጨርቁን ጥሎ ደረቱን መታ፣ አብሯት አለቀሰ፣ እስከ ደጅም ሸኛት። እሷ ደፉን ተሻገረች። በማግስቱ ስታልፍ ያው ሰውዬ፣ ያው ሳቅ፣ ያው መታቀፊያ። ልጁ የለም ብላ እንደገና ነገረችው፤ እንደገና ደረቱን መታ። ማር ቤትም እንዲሁ ሆነ። ጨው ቤትም እንዲሁ። በየደጁ ልጇን በየቀኑ የምትቀብር ሆነች። የምትነግረው በጉሙ ይጠፋል፤ አመድማው ክር ያለው ግን አይጠፋም። የታዛ ሰዎችን ደግሞ የሚያናግራቸው የለም፤ እነሱ የሚያምኑት ክሩን ነው።

በዚሁ ሰሞን እንደ እሷ የተማረሩ ሰዎች ጩኸት ለንጉሡ ጆሮ ደረሰ። ንጉሡ ቅን ሰው ነበር፤ «ማንም ሰው ሳይፈቅድ ክር አይታሰርበት» ብሎ አወጀ። ሕዝቡ እልል አለ። ትእዛዙን የሚያስፈጽሙት ሹማምንትና የታዛ ሰዎች አለቆች አንድ ላይ ተቀምጠው ብዙ ከመከሩ በኋላ፣ በየደጁ አንድ አንድ ጠያቂ ተሾመ። ጠያቂው ካባ ይለብሳል፣ ረጅም ዘንግ ይይዛል። እንግዳ ሲመጣ ዘንጉን በደጁ ላይ አጋድሞ፣ በጥንቱ የቤተ መንግሥት ቋንቋ፣ አንድም ጊዜ ሳይተነፍስ፣ «ለክቡርነትዎ ምቾት ሲባል እኛና ከታዛችን ሥር ያሉ የተከበሩ ወዳጆቻችን» ብሎ የሚጀምር ረጅም ቃል ያነበንባል። ቃሉ ሲያልቅ ሁለት መግቢያ ያሳያል። አንደኛው የእሺ በር ነው፤ ሰፊ ነው፣ አበባ ተነጥፎበታል፣ አንድ እግር ማንሳት ብቻ ይበቃል። ሁለተኛው የእምቢ በር ነው። በቤቱ ጓሮ ዞሮ፣ በአህዮቹ በረት አልፎ፣ መሰላል ወጥቶ ይገኛል። እዚያም ሌላ ጠያቂ ተቀምጦ የታዛ ሰዎችን አንድ በአንድ እየጠራ፣ «እሱንስ እምቢ? እሷንስ እምቢ?» ይላል። እንግዳው ለሁሉም እምቢ ብሎ እስኪጨርስ ምሳ ሰዓት ያልፋል።

ሕዝቡ ጥቂት ቀን በጓሮ ሞከረ። ከዚያ ጉልበቱ ዛለና ጠያቂው አፉን ሳይከፍት እሺ እያለ አበባውን ረግጦ መግባት ለመደ። ሹማምንቱም ሕዝቡ ወዶ ፈቅዶ ክር እየታሰረለት ነው ብለው ለንጉሡ አስታወቁ። ንጉሡ ተደሰተ።

የውብዳርም እሺ ከሚሉት አንዷ ነበረች። በመጀመሪያ ድካም ነበር። በኋላ ግን ሌላ ነገር መጣ፤ እሱን ለማንም አልነገረችም።

የታዛ ሰዎች ወራት መቁጠር ያውቃሉ። ልጁ የሚወለድበት ወር ሲደርስ የጨርቅ ቤቱ ሰው መታቀፊያውን ትቶ ትንሽ ቀሚስ አወጣ። ሌሎች ወራት አለፉና ማር ቤቱ፣ «ጥርስ ሲያወጣ ድዱን ቀቢለት» ብሎ የተለየ ማር ሰጣት። የውብዳር ልጁ የለም ልትል ነበር፤ ግን ማሩን አቅፋ ወጣች። ጥርስ አውጥቷል ማለት ነው ብላ አሰበች። ወደ ቤቷ ስትመለስ ሐይቁ ያበራ ነበር፤ እግሯ መሬት አይነካም።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ መውጣት ጀመረች። መረቡ ተዘነጋ። አንዱ ደጅ መቀመጥ እንደጀመረ ይነግራታል፤ ሌላው መዳህ እንደሚጀምር። ዘፋኙ እሹሩሩውን ትቶ የጭብጨባ ዘፈን ሲያወጣ፣ የውብዳር ጥግ ተቀምጣ በቀስታ አብራው ታጨበጭባለች። ያልኖረው ልጅ ከተማው ውስጥ፣ በየታዛው ሥር፣ እያደገ ነበር። ጠጉሩን ታየዋለች። ወደ ማር ቤት ስትሄድ እጇን ወደ ጎን ዝቅ አድርጋ፣ የሚይዛት ያለ ይመስል ጣቶቿን ዘርግታ ትሄዳለች። ያዩዋት ሰዎች ደስተኛ ሴት ናት አሉ።

ጓንጉል ግን ነገሩ አላማረውም። ሚስቱ እያማረባት ስትሄድ ቤቱ እየቀዘቀዘበት ሄደ። አንድ ቀን ከሐይቅ ሲመለስ መደብ ላይ ጥንድ ጫማ አየ። ለስላሳ ቆዳ ነው፤ ሁለቱም በአንድ መዳፍ ይያዛሉ። አነሳቸው፣ መልሶም አስቀመጣቸው፤ እንደገናም አነሳቸው።

«የማን ናቸው?» አለ።

የውብዳር ጎንበስ ብላ መረብ የምትጠግን መሰለች። «ሊሄድ ነው፤ መቆም ጀምሯል» አለችው።

ጓንጉል አልጮኸም። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠና ጫማዎቹን ጭኑ ላይ አስቀመጣቸው። ከዚያ ልጁን የቀበረበትን ቦታ ነገራት። ከኮረብታው ላይ ሐይቁ ሁሉ እንደሚታይ፣ ድንጋዩን ራሱ ተሸክሞ እንዳወጣ፣ በየሳምንቱም ሰው አሻገርኩ እያለ ብቻውን ወደዚያ እንደሚቀዝፍ ነገራት። «እኔ የማውቀው እዚያ ያለውን ነው። አንቺ የምታሳድጊውን አላውቀውም፤ ላውቀውም አልችልም። ሁለት ልጅ አደረግሽብኝ» አላት።

የውብዳር ያኔ አለቀሰች። ልጁ ከሞተ ወዲህ በባሏ ፊት ስታለቅስ የመጀመሪያዋ ነበር።

በማግስቱ ሁለቱም እትዬ ድንቄ ዘንድ ሄዱ። ነገሩ የጀመረው እዚያ ነውና የውብዳር በልቧ ብዙ ቁጣ ይዛ ነበር። አሮጊቷ ቀዩን ክር ዳሰሰችና ፊቷ በራ፤ አንቀልባው ከደረሰ መቆየቱን፣ ዛጎሉንም ራሷ መርጣ እንደሰፋችበት ነግራ ልታመጣ ተነሳች። የውብዳር አስቆመቻት። ልጁ መሞቱን፣ ከእርሷ ደጅ በወጣ ወሬ ከተማው ሁሉ ያልኖረ ልጅ ሲያሳድግባት እንደከረመ፣ ሁሉንም ዘረዘረችላት።

እትዬ ድንቄ ቁጭ አለች። «የእኔ ክር ቀዩ ብቻ ነው፣ ልጄ» አለች። «ቀዩን ደግሞ ከእኔ ሌላ የሚያነበው የለም። ያኛውን ያሰሩት ታዛዬ ሥር ያሉት ናቸው።»

«ለምን አስቀመጧቸው ታዲያ?»

«ጣራዬን ይከድኑልኛል። ብቻዬን ነኝ፤ ጣራ ላይ መውጣት አልችልም።» ይህን ስትል አንገቷን ደፋች። «ምን እንደሚያደርጉ አልጠየቅኳቸውም። ዝናቡ ሲቆምልኝ ደስ አለኝ።»

የውብዳር ቁጣዋ የሚያርፍበት አጣ። አሮጊቷም የምታውቀውን ሁሉ ሳትደብቅ ነገረቻቸው። በክር መሐል ልዩነት አለ አለቻቸው። ከሣር የሚፈተል ክር አለ፤ እንግዳው ሲወጣ እዚያው ደፉ ላይ ይረግፋል፣ እሱ ማንንም አይጎዳም። ሰም የተነከረ ክር አለ፤ እሱ ካልፈቱት ዓመት ከዓመት ይከርማል። የቤቱ ክር ቀለም አለው፣ የታዛ ሰዎች ክር ቀለም የለውም። ዘርፉን ገልብጦ በብርሃን ያየ ሰው ይለያቸዋል። ማንኛውም ክር ደግሞ ይፈታል፤ የታሰረው በሰውየው ልብስ ላይ ነውና የመፍታቱ ሥልጣን የሰውየው ነው። ይህንን ጠያቂዎቹ ያነበንባሉ፤ ግን በዚያ ፍጥነትና በዚያ ቋንቋ የሚሰማቸው የለም። ሁሉንም አንድ ላይ ቆርጦ መጣል ይቻላል፤ ያን ጊዜ ግን የምትወጃቸው ቤቶችም እንደ ባዕድ ያዩሻል አለቻት። መርጦ መፍታትም ይቻላል፤ ጊዜ ይፈጃል እንጂ። መታወቅ በማትፈልጊበት ቀን ደግሞ የውሰት ነጠላ ደርበሽ ሂጂና ስትወጪ ነጠላውን ጣይው፤ ክሩ ሁሉ አብሮት ይቀራል። እርግጥ ታዛ ሥር ያሉት አረማመድሽን ማየታቸው አይቀርም።

በመጨረሻ የውብዳር ቀዩን ክር ያዘችና ይህንንስ ልፍታው ወይ ብላ ጠየቀች። እትዬ ድንቄ እንደፈቀድሽ አለቻት። የውብዳር አሰበች። ከቤቷ ውጪ ይህ ልጅ ሊመጣ እንደነበር በቅንነት የሚያውቅ ይህ ደጅ ብቻ ነው።

«ቋጠሮውን ይለውጡልኝ» አለች። «ስመጣ እውነቱን ያንብቡት። አንድ ልጅ ነበራት ይበል።»

አሮጊቷ ዓይኗ ደክሟልና በጣቷ ጫፍ እየፈለገች የገብስ ፍሬውን ፈታችው። በምትኩ ሌላ ቋጠሮ አደረገች፤ ጠፍጣፋና ዝምተኛ።

ከዚያ ወጥተው ሐይቅ ዳር ሄዱ። ፀሐይዋ ዘንበል ብላ ነበር። የውብዳር ቀሚሷን በጉልበቷ ላይ ገልብጣ ዘርፉን በብርሃን አየችው፤ በደማቆቹ ክሮች መሐል አመድማው እንደ ሸረሪት ድር ተንሰራፍቶ ነበር። ጓንጉል ፊት ለፊቷ ተቀምጦ አንዱን ጫፍ ያዘላት። ገመድ የለመደ እጁ ለዚህ ስስ ነገር ወፍራም ቢሆንም ቀስ ብሎ ይፈታል። አንድ ክር በተፈታ ቁጥር የውብዳር በልቧ አንድ ነገር ሲጠፋ ይሰማት ነበር። ጥርሱ ጠፋ። መዳሁ ጠፋ። የጭብጨባው ዘፈን ጠፋ። አንዱ ክር ላይ እጇ ቆመ።

«ይህንን ተወው» አለችው።

ጓንጉል እጁን ሰበሰበ። «እንተወዋ፤ ክሩ ያንቺ ነው» አለ።

እሷ ግን ትንሽ ቆይታ ራሷ ፈታችው። ምን ይል እንደነበረ እሱ አልጠየቃትም። የተፈታውን ክር ሁሉ ነፋሱ ወሰደው፤ ውሃው ላይ ትንሽ ተንሳፍፎ፣ ከጉሙ ጋር አንድ ቀለም ስለነበረ ወዲያው ከዓይን ጠፋ። ከዚያ ከደማቆቹ መሐል የምታስቀረውን መረጠች። የማሩን አስቀረች፣ የዘፋኙን አስቀረች። የጨርቅ ቤቱን ፈታችው፤ ሰውየውን ጠልታ ሳይሆን ሳቁን ማየት ስላልቻለች ነው። ጀምበር ስትጠልቅ በታንኳው ተሳፈሩና ወደ ኮረብታው ተሻገሩ። ጫማዎቹን ይዛ ነበር፤ ድንጋዩ አጠገብ አስቀመጠቻቸው።

ግን የታዛ ሰዎች ቀድመው ያነበቡትንስ? ይህ ነገር የውብዳርን እረፍት ነሳት። ስለዚህ ከጥቂት ቀን በኋላ ባሏን አስከትላ ንጉሡ ወዳቋቋመው የመርሳት ቤት ሄደች። የመርሳት ሹም ዘወትር ፊቱ የሚያዝን፣ ትሑት ሰው ነበር። ጉዳይዋን እስከ መጨረሻ ሰማ፤ በሐዘንም ራሱን ነቀነቀ። የታዛ ሰዎች እንዲረሷት ማድረግ መብቷ እንደሆነ አረጋገጠላት። ከመሳቢያውም አንዲት ወርቅማ ክር አወጣ።

«ይህችን ዘርፍዎ ላይ አስርልዎታለሁ» አላት። «የታዛ ሰዎች ይህችን ሲያዩ፣ ይህችን ሴት እንዳናስታውስ ታዘናል ብለው ያስታውሳሉ።»

የውብዳር ሹሙን ትክ ብላ አየችው። «ክሯ ብትወልቅስ?»

«ከወለቀችማ፣ እንዲረሱዎት መጠየቅዎን እኛም እንረሳለን። እንደገና መምጣት ነው።»

የውብዳር ሳቀች። ሳቁ ከየት እንደመጣ አታውቅም፤ ግን ሆዷን እስኪያማት ሳቀች፤ ጓንጉልም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ሹሙ ብቻ አልሳቀም፤ ክሯን እንደዘረጋ በትዕግሥት ጠበቀ። የውብዳር ይቅርብኝ ብላ አመስግናው ወጣች። በጎዳናው ላይ ባሏ፣ ዘርፍሽ ላይ ክሩ ከሌለ የታዛ ሰዎች የትኛዋ ሴት እንደሆንሽ በምን ያውቃሉ አላት። እውነቱን ነበር። ምናልባት ያ ልጅ በታዛዎቹ ሥር እስከ ዛሬ እናት አልባ ሆኖ ያድግ ይሆናል፤ ምናልባትም የሚያስታምመው አጥቶ ደብዝዞ ቀርቷል። ይህን የሚያውቅ የለም።

የውብዳር ከዚያ በኋላ በእምቢ በር መግባት ጀመረች። ቀላል አልነበረም። በየሄደችበት በጓሮ መዞር፣ በአህዮች መሐል ማለፍ፣ መሰላል መውጣት፣ ለእያንዳንዱ ስም እምቢ ማለት ነበረባት። የደከማት ቀን ቤቷ ትውላለች። አንዳንዴም ሰንፋ እሺ ትላለች፤ ያን ቀን ማታ ዘርፏን ገልብጣ ትፈታለች። ማር ቤቱ አሁንም ነጩን ማር ያቀርብላታል። ዘፋኙም ካቆመበት ይቀጥላል።

አንድ ቀን እግሯ መርቷት ከዚህ በፊት ሄዳበት ወደማታውቀው ሰፈር ደረሰች። በዳገቱ ጫፍ አንድ ትልቅ ደጅ ነበር። ጠያቂው ዘንጉን አጋደመ፤ እሷም ቃሉን እስኪጨርስ ሳትጠብቅ ወደ ጓሮው ዞረች። በረቱን አለፈች፣ መሰላሉን ወጣች፣ ስሙን ሁሉ እምቢ አለች። ስትገባ ነጠላዋ ላይ ገለባ ተሰክቶ ነበር። ቤቱ ሰፊና ጸጥ ያለ ነው፤ በግድግዳው ዙሪያ መደርደሪያ አለ፤ በመደርደሪያው ላይ ያለው ነገር በመስኮቱ በሚገባው ጉም ውስጥ ይታያል፣ ይጠፋል። ባለቤቱ ሸምገል ያለ ሰው ነው። ወደ ዘርፏ አየ፤ የእሱ ክር የለም። ወደ ታዛው ጆሮውን ጣል አደረገ፤ ሹክ የሚለው አልነበረም። ትንሽ ግራ ተጋባ። እንዲህ ያለ እንግዳ ከመጣበት ብዙ ጊዜ ሳይሆነው አልቀረም።

«ምን ልስጥሽ?» አላት።

የውብዳር ሰውየውን ቀና ብላ አየችው። ይህንን ጥያቄ ከጠየቋት ስንት ዘመን ሆነ? ሁሉም ሳትናገር ያውቁላት ነበር። ነጩን ማር የምትወደው እሷ ናት፣ ወይስ አንዴ ስለወደደችው እስከ ዛሬ የሚሰጧት? እርግጠኛ መሆን አቃታት። መደርደሪያዎቹን ዞራ ተመለከተች፤ ከዚያ ዓይኖቿን ወደ ሰውየው መለሰች።

«እስኪ ላስብበት» አለችው።

ሰውየው አልቸኮለም። ጥግ ካለው ቦታ ዱካ ስቦ አመጣላት፣ አቧራውንም በክንዱ ጠረገላት። የውብዳር ገለባውን ከነጠላዋ ላይ ለቅማ ጣለችና ተቀመጠች፤ ማሰብም ጀመረች።